ራሱን የሚጎዳን ሰው ማን ሰማው? ከፖሊስ ጣቢያ እስከ አያቶች ወንበር

 

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ስለ ማንዴትም ስለ ኬዝም አይደለም። ብዙዎቻችን እያወቅን ስለምንደብቀው ነገር ነው፤ ራስን ስለ መጉዳት። ነገሩ አሁን ውስጣችሁ ያለ ከሆነ ታሪኩን ዝለሉትና መጨረሻ ላይ ያሉትን ስልኮች ተመልከቱ። ታሪኩ ሌላ ቀን ይነበባል፤ የትም አይሄድም።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ግድም ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ፣ አምስት ሆነን አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ትንሹ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል፤ ከመለጠፌ በፊትም አንብቦታል። ያ ልጅ በጥር ሙቀት እንኳ እጅጌ ረጅም ሹራቡን አያወልቅም። ለመታጠብ ሁላችንም እስክንተኛ ይጠብቃል። ዓይን አፋር ነው ብለን አለፍነው። አንድ ሌሊት በአጋጣሚ ክንዱን አየሁት። የዚያን ቀን ቁስል ብቻ አልነበረም፤ የቆየ ጠባሳም ነበረው።

ቤቱ ውስጥ ጫጫታ ሆነ። አንዱ «መንፈስ ነው፣ ጸበል ይግባ» አለ። ሌላው «ሰው እንዲያየው ፈልጎ ነው» አለ። ሦስተኛው፣ ከሁላችንም ቀድሞ ኬንያ የገባው፣ «ሆስፒታል እንዳትወስዱት። እዚህ አገር ራሱን ሊገድል ሞከረ የተባለ ሰው ይታሰራል። ወረቀቱም ገና አልተሟላም» አለ። እኔ ደግሞ የቤቱ ታላቅ ነኝና ተቆጣሁ። «እናትህ አንተን ብላ እየኖረች? ለምን? ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» እያልኩ ጮኽኩበት። ከዚያ ቁስሉን በጨርቅ አስረን ተኛን። ሐኪም ዘንድ አልወሰድነውም።

ልጁ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ተመስገን። ያተረፈው ግን የእኛ ብልሃት አልነበረም። ማን እንዳተረፈው ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ሌሊት በኋላ የዚያ የሦስተኛው ጓደኛችን ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የቆሰለ ሰው ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ የሚያስፈራ ሕግ ከየት መጣ? ራሱን የሚጎዳ ሰውስ በፊት ማን ይረዳው ነበር? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ የማካፍላችሁ ከዚያ ንባብ ያገኘሁትን ነው።

ሕጉ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ራስን ማጥፋትን ለዘመናት ወንጀል ብሎ ይቆጥር ነበር። ምሥራቅ አፍሪካን ሲገዙም ይህንኑ ይዘውት መጡ። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው የኬንያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 226 ራሱን ለመግደል የሞከረ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊደርስ ይችል ነበር። ኡጋንዳና ታንዛኒያም ከዚያው ምንጭ ተመሳሳይ አንቀጽ ወርሰዋል። የሚገርመው፣ እንግሊዝ ራሷ በ1961 ይህን ወንጀል ከሕጓ አወጣችው። ኬንያ ነጻ የወጣችው በ1963 ነው። ያመጡት ሰዎች ለራሳቸው የጣሉት ሕግ እዚህ ከ60 ዓመት በላይ ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንወቅ። ራሱን የሚጎዳ ሰው ሁሉ መሞት ፈልጎ አይደለም። ብዙዎቹ የሚነግሩን ውስጣቸው ያለው ጭንቀት ሲያፍናቸው ለጥቂት ደቂቃ እንዲተነፍሱ፣ ወይም ደንዝዘው ሲሰነብቱ አንዳች ነገር እንዲሰማቸው እንደሚያደርጉት ነው። ቢሆንም ራሱን የሚጎዳ ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ ኋላ ሕይወቱን ለማጥፋት ያለው አደጋ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ «መሞት ካልፈለገ ችግር የለም» አይባልም። አንቀጽ 226 የሚናገረው ለመሞት ስለሞከረ ሰው ብቻ ነበር። ቁስሉን ያየ ሰው ግን ይህን ከምን ይለየዋል? ፍርሃቱ ሁለቱንም ዓይነት ሰው ደበቃቸው።

የአገራችን ሕግ በዚህ ይለያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላው ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው፤ የሞከረውን ሰው አይደለም። እኛ ዘንድ ግን ከዳኛ የከፋ ቀጪ አለ፤ እሱም ሐሜት ነው። «የእገሌ ልጅ እንዲህ ሆነ» እንዳይባል ቤተሰብ ይደብቃል። ፍትሐት ይከለከላል የሚለው ፍርሃት አለ። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባላችን ደግሞ ዝምታን ጨዋነት አስመስሎታል። ስለዚህ ስደተኛው ሁለት ፍርሃት ይሸከማል፤ የአገር ቤቱን ሐሜትና የተሰደደበትን አገር ፖሊስ።

ሕክምናውስ? በናይሮቢ የማታሪ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሆኖ የተከፈተው በ1910 ነው። ከዚያ በፊት ቦታው የፈንጣጣ ሕሙማን ከሰው ተለይተው የሚቀመጡበት ነበር። አጀማመሩ ራሱ ሰውን ከሰው የመለየት ነበር ማለት ነው። በእኛም አገር አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በልጅነታችን «አማኑኤል ግባ» ስድብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የሕክምና ቦታው ስም ስድብ በሆነበት አገር ማን «አሞኛል» ብሎ ይወጣል?

ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ የሚከተለው ነው። ማታሪን ከ1938 እስከ 1950 የመራ ካሮዘርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። በ1953 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመለት መጽሐፍ አፍሪካውያን በድብርት የሚታመሙት እምብዛም ነው ብሎ ጻፈ። ያየው ወደ ሆስፒታሉ የመጡትን ነው፤ የሚመጡት ደግሞ በፖሊስ ወይም በግድ የተወሰዱት ናቸው። በዝምታ የሚያለቅሱት መቼ መጡና! ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ማርጋሬት ፊልድ የምትባል ሐኪምና ተመራማሪ በጋና ገጠር ወደ ባህላዊ የአምልኮ ቦታዎች ሄዳ ተቀመጠች። እዚያ ራሳቸውን እየከሰሱ «ጠንቋይ ነኝ፣ የማልረባ ነኝ» እያሉ የሚመጡ ብዙ ሴቶች አገኘች። ድብርቱ ነበረ፤ የሚፈልገው ሰው አልሄደበትም እንጂ። በናይጄሪያም ዶክተር አዴኦዬ ላምቦ በ1954 በአሮ ሕሙማንን በመንደር ቤቶች፣ ከዘመዶቻቸው ጋር እያስቀመጠ ማከም ጀመረ። በሽተኛውን ከሰው መለየት ሳይሆን ከሰው ጋር ማኖር ይሻላል አለ።

ካሮዘርስ ያንን መጽሐፍ ባሳተመበት በዚያው በ1953 ለንደን ውስጥ ሌላ ነገር ተጀመረ። ቻድ ቫራ የሚባል ቄስ ነበር። በ1935፣ ገና አገልግሎት ሲጀምር፣ የመጀመሪያ የቀብር ሥርዓቱ ለአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ልጅቷ የወር አበባዋ ሲመጣ ክፉ በሽታ የያዛት መስሏት፣ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ራሷን አጠፋች። እስቲ አስቡት፤ አንዲት አክስት አጠገቧ ቁጭ ብላ አምስት ደቂቃ ብታናግራት ኖሮ! ይህ ነገር ቫራን አልለቀቀውም። በኅዳር 1953 እ.ኤ.አ. ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ይደውልልኝ አለ።

ሰው ብዙ መጣ። ተራ ለሚጠብቁት ሻይ እያቀረቡ የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ቫራ ቆይቶ አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙዎቹ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ሻይ ጠጥተው፣ የሆዳቸውን አውርተው፣ እሱን ሳያገኙት ቀለል ብሏቸው ይሄዱ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን ለእነሱ አስረከበ። ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት እንዲህ ተወለደ። ስሙ የተወሰደው በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ሰው ካነሣው ከደጉ ሳምራዊ ነው።

የማያውቁትን ሰው በስልክ ማናገር የሚረዳ ከሆነ ደብዳቤስ? በሳን ፍራንሲስኮ ዶክተር ጀሮም ሞቶ ይህን ፈተነው። ጦር ሜዳ በነበረበት ጊዜ ከአንዲት ሴት ይደርሱት የነበሩ ደብዳቤዎች እንዳጽናኑት ያስታውስ ነበር። ከ1969 ጀምሮ፣ በድብርት ወይም ራስን በማጥፋት ሐሳብ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ክትትል ያልፈለጉ 843 ሰዎችን በሁለት ከፈለ። ለአንደኛው ወገን ለአምስት ዓመት በየጊዜው አጭር ደብዳቤ ተላከ። ምክር የለበት፣ ወቀሳ የለበት፤ ደኅንነታቸውን የሚመኝና ለመመለስ ከፈለጉ በሩ ክፍት መሆኑን የሚናገር ብቻ። ደብዳቤ የደረሳቸው ካልደረሳቸው ይልቅ ራሳቸውን ያጠፉት ያነሱ ነበሩ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት።

የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን መንገድ በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ሞከረው። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ድንገተኛ ክፍል የመጡ 1,867 ሰዎች ተሳተፉ። ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና በላይ የአንድ ሰዓት ምክርና በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ «እንዴት ሰነበትክ፣ እንዴት ሰነበትሽ» የሚል ክትትል አገኙ። በ2008 የወጣው ውጤት፣ ክትትል ካላገኙት ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉት ከ1,000 ሰው 22 ያህል ሲሆኑ ካገኙት ግን 2 ያህል እንደነበሩ ያሳያል። ወገኖቼ፣ እኛ በየቀኑ በዋትስአፕ ስንት የማይረባ ነገር እንልካለን!

አሁን ወደ አፍሪካ እንመለስ። ዚምባብዌ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሚከታተላት አንዲት ወጣት ነበረች። ራሷን ጎድታ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ገብታ ነበርና ወደ እሱ እንድትመጣ ተቀጥራ ነበር። ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር አጥታ ቀረች፤ ሕይወቷም አለፈ። ቺባንዳ ሆስፒታል ተቀምጦ መጠበቅ እንደማያዋጣ የገባው ያኔ ነው። በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሠፈር 14 አያቶችን አሠለጠነ። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የተጨነቀ ሰው መጥቶ ከአያቲቱ ጎን ይቀመጣል፤ ታዳምጠዋለች፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለት ትረዳዋለች። ሾናዎች ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ በዛበት» እንል የለ? በ2016 በታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው አያቶቹ ጋ ከተቀመጡት ከመቶ 14 ያህሉ ሲሆኑ ከሌሎቹ ግን 50 ያህሉ ናቸው።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። የእኛንም ልጅ ያተረፉት እንዲህ ያሉ እናት ናቸውና።

ከበራችን ፊት ለፊት ቡናና እንጀራ እየሸጡ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ልጁን ከሰዓት በኋላ እየጠሩ «ልጄ፣ ውኃ ቅዳልኝ፣ ከሰሉን አያይዝልኝ» ይሉታል። ቡናው እስኪፈላ አጠገባቸው ያስቀምጡታል። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እንዲህ ብለው ጠየቁት፦ «ልጄ፣ መኖር ሰልችቶህ ያውቃል?» አልተቆጡም፤ አላማተቡም። ልጁ ያን ቀን ከኢትዮጵያ ከወጣ ጀምሮ ያየውን ሁሉ ነገራቸው። ኋላ አንድ ክሊኒክ ወሰዱት። እንግዳ መቀበያው ላይ የፖሊስ ወረቀት ሲጠየቁ «መጀመሪያ ቁስሉን እዩለት» ብለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ እስኪታይ ድረስም አልተነሡም። እሱ ዛሬም ከባድ ቀን አለበት፤ የሚያናግረው ሰው ግን አለው። በቅርቡ ምን አለኝ? «ጋሼ፣ ያን ሌሊት ስንት ጊዜ ‹ለምን› እንዳልከኝ ቆጥሬያለሁ። ‹አመመህ ወይ?› ያለኝ አልነበረም።»

ይህ የአንድ እናት ደግነት ብቻ ነው እንዳትሉ። በሰሜን ኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2020 ታትሟል። የሐኪም ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች በመሩት ስብሰባ፣ በራሳቸው ቋንቋ የተቀዳ ድምፅ እያዳመጡ፣ ለአምስት ሳምንት ጭንቀትን እንዴት እንደሚቋቋሙ ተማሩ። ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ካልተማሩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንደኛው ድንኳን ውስጥ፣ እንደኛው ራሽን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው።

ሕጉም ተንቀሳቅሷል። ጥር 9 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሎውረንስ ሙጋምቢ አንቀጽ 226 ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብለው ወሰኑ። ክሱን ያቀረቡት የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርና በዚህ ጉዳይ የምትታገል አንዲት ሴት ናቸው። አንቀጹ የሰውን ክብር፣ እኩልነትና የጤና መብት ይነካል ተባለ። ስለዚህ ናይሮቢ ወይም ካኩማ ሆናችሁ «ይታሰራል» የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ውሳኔ ንገሩት። ኡጋንዳና ታንዛኒያ ያላችሁ፣ ሕጉ በዚያ ገና ስላልተሻረ ብትፈሩ አይፈረድባችሁም። ቢሆንም የቆሰለን ሰው ከሐኪም አታስቀሩ፤ የሕግ ምክር ከሚሰጡ የስደተኛ ድርጅቶችም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ታሪኩ ለእኔ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። ቅጣትና ሐሜት ሰውን አላዳኑም፤ ደበቁት እንጂ። የረዳው አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሰማው፣ ሐኪም ዘንድ አብሮት የሄደ፣ በሳምንቱም ተመልሶ የጠየቀው ሰው ነው። ይህን ደግሞ እኛም እንችላለን። እንዴት ብትሉኝ፦

ቁስል ካለ መጀመሪያ ቁስሉ ይታከም። መርዝ ወይም ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ከሆነ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

«ለምን?» ከማለት በፊት «አመመህ? አመመሽ?» በሉ። ስለ መሞት ያስብ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ ብቻውን የተሸከመውን ያስወርደዋል።

አታስምሉት። «ሁለተኛ አላደርገውም» ብሎ የማለ ሰው ቢደግመው እናንተ ዘንድ ተመልሶ አይመጣም። ደግሞም «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። «ከአንተ ጋር ተነጋግረን ለሚረዳን ሰው እንነግራለን» በሉት።

ዛሬ ራሱን ሊያጠፋ እንዳሰበ ከነገራችሁ ብቻውን አትተዉት። ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤት አርቁ።

ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ። መድኃኒት ከታዘዘለት ግን መድኃኒቱን አይተው።

በነጋታው፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ጠይቁት። አንድ መስመር መልእክት ይበቃል። ባይመልስም ላኩ።

ለምትረዱትም አንድ ቃል አለኝ። እናትም ሁኑ ደባል፣ ልጁ ራሱን ቢጎዳ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ተራ ግቡ፤ እናንተም የምታወሩት ሰው ይኑራችሁ።

ስልኮቹ እነዚህ ናቸው። ኬንያ፦ ቀይ መስቀል 1199፣ ነጻ ነው። ኡጋንዳ፦ ሜንታል ሄልዝ ኡጋንዳ 0800 21 21 21፣ ነጻ ነው። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። እንግሊዝ ሳማሪታንስ 116 123። በካምፕ ያላችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም የዩኤንኤችሲአር ጥበቃ ክፍል ሄዳችሁ የሥነ ልቦና አማካሪ ጠይቁ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ የምታምኑት ሰው አብሯችሁ ይደውል። የእርዳታው ገንዘብ በመቀነሱ ወረፋው ረዝሟል፤ እስኪደርሳችሁ ድረስ እርስ በርሳችን ወንበር እንሁን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ያን ሌሊት ልጁ እንዲደብቅ ካደረጉት አንዱ ነበርኩ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም ይቅር ብሎኛል። ዛሬ ይህን ስታነቡ አንድ ሰው ትዝ ካላችሁ፣ ድምፁ የጠፋ፣ ቡና ሲጠራ የማይመጣ፣ ከላይክና ከሼሩ በፊት ለእሱ ደውሉለት።

ቸር ይግጠመን።